«አንቺ ስትስቂ ቀልድ፣ እኛ ስንስቅ ነውር?»

ውድ አማካሪያችን፣

ጉዳዬ ለብዙ ሰው ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። እኔን ግን ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ታናሽ እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። እኔና እሷ ለዓመታት አብረን የምናየው አንድ የቴሌቪዥን ኮሜዲ አለ። ስሙን ባልጠራው ይሻላል፤ ማንንም የማይምር ፕሮግራም ነው። ሃይማኖተኛውን፣ ፖለቲከኛውን፣ ጥቁሩን፣ ነጩን፣ ወፍራሙን፣ ቀጭኑን ሁሉንም ይቦጭቃል። ከገጸ ባህሪያቱ አንዱ በዊልቸር የሚሄድ ሰው ነው፤ ስግብግብ፣ ውሸታም፣ ያገኘውን ሁሉ የሚያጭበረብር። እህቴ ከሁሉም አስበልጣ የምትወደው እሱን ነው። እንዲያውም ፕሮግራሙን ያስለመደችኝ እሷ ናት። አብረን ስናይ ሆዳችንን ይዘን፣ እንባችን እስኪፈስ ነው የምንስቀው።

ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ «እናንተ ጭራሽ ነውር አታውቁም» ይለን ነበር። በኋላ እሱም ለመደው። በቅርቡ አንድ ምሽት ጓደኞቹ ቤት መጥተው ይኸው ፕሮግራም ተከፈተ። ያ ገጸ ባህሪ ዊልቸሩ አምልጦት ቁልቁለቱን እየተንደረደረ ሲወርድ፣ መንገደኛው ሁሉ እጁን እንደመዘርጋት ስልኩን አውጥቶ ለመቅረጽ የሚጋፋበት ክፍል ነበር። ከእህቴ ጋር ደጋግመን ያየነው ነው። ከጓደኞቹ አንዱ ግን እየሳቀ «እነዚህንማ እንዲህ ቁልቁለት ፈልጎ መልቀቅ ነው!» አለ። ባለቤቴም ሳቀ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ብድግ ብዬ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ቤቱ ጭጭ አለ። እንግዶቹም ብዙ አልቆዩም፣ ተነሥተው ሄዱ።

ባለቤቴ በሩን ዘግቶ እንደተመለሰ «አንቺና እህትሽ ስትስቁበት ቀልድ ነው፣ እኛ ስንስቅበት ነውር ነው? በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለኝ። መልስ አጣሁ። እስካሁንም አላገኘሁም። ይባስ ብሎ ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። መሥሪያ ቤት አንድ ሰው እንዲህ ዓይነት ቀልድ ቢናገር ቀድማ የምትቆጣው እኔ ነኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን በዚያው ቀልድ እንከተከታለሁ። አስመሳይ ነኝ ማለት ነው? ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው በዚህ የምስቀው?

እህቴ በሚቀጥለው ወር እኛ ዘንድ መጥታ ትሰነብታለች። እንደተለመደው ፕሮግራሙን ክፈቱልኝ ማለቷ አይቀርም። የሆነውን አልነገርኳትም። ፕሮግራሙን እርግፍ አድርጌ ልተወው? ወይስ ባለቤቴን ይቅርታ ልጠይቅ?

ሳቋ የከበዳት

*

ውድ እህቴ፣

የባለቤትሽ ጥያቄ በንዴት የወጣ ቢሆንም ደህና ጥያቄ ነው፤ መልስም አለው። ያን ምሽት ያጣሽው ከአፍሽ እጅሽ ስለቀደመ ይመስለኛል።

እስቲ ያንን ክፍል እንደገና አስቢው። ሰውየው ቁልቁለቱን ይወርዳል። መንገደኛው ዊልቸሩን ከመያዝ ይልቅ ስልኩን አስተካክሎ ይይዛል። አንቺና እህትሽ የምትስቁት በማን ነው? እንደምገምተው በመንገደኞቹ ነው። እህትሽ እነዚያን ሰዎች አሳምራ ታውቃቸዋለች፤ ስትወጣ ስትገባ ዞረው የሚያዩዋት እነሱ ናቸው። የባለቤትሽ ጓደኛ ግን የሳቀው በዊልቸሩ ነው። የተናገረው ነገር ይህን ያሳብቅበታል። መንገደኞቹን ልብ ያላቸውም አይመስለኝም፤ ሳይታወቀው አብሯቸው ቆሟል። እናንተን ያሳቃችሁና እሱን ያሳቀው ያው አንድ ትዕይንት ነው፤ የተሳቀበት ሰው ግን የተለያየ ነው። አንቺ ያጠፋሽው የእሱን ሳቅ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ቀልድ እንጀራው በሆነ ሰው ላይም ደርሷል። አሜሪካዊው ኮሜዲያን ዴቭ ሻፔል በስሙ የሚጠራውን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሦስተኛ ምዕራፍ እየሠራ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ሁሉንም ነገር ጥሎ ወጣ። ጥሎት የሄደው 50 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል የተባለለት ውል ስለነበር ብዙ ሰው አበደ እንዴ አለ። በዓመቱ ኦፕራ ዊንፍሬይ ዘንድ ቀርቦ ሲናገር ካነሣቸው ምክንያቶች አንዱ የአንድ ሰው ሳቅ ነበር። ስለ ጥቁሮች የሚወራውን የተዛባ ነገር ለመሸርደድ ብሎ አንድ ትዕይንት ሲቀርጽ፣ በቦታው የነበረ አንድ ነጭ ሰው ሳቀ፤ አሳሳቁ ግን በሻፔል ጆሮ ልክ አልመጣም። አብሮት ሳይሆን በእሱ ላይ የሚስቅ መሰለው። ልብ በይ፣ ቀልዱን የሠራው ራሱ ነው። አላስቀኝም አላለም፤ ማንንም አላስቅም ብሎም አልማለም። በአንድ ሳቅ ውስጥ የሰማው ነገር ግን አላስቀምጠው አለ። እሱን አስመሳይ የምትይው ከሆነ ራስሽንም በይው። እኔ ግን ሁለታችሁንም አልላችሁም።

በነገራችን ላይ አዘጋጆቹ ምንም ቢያስቡ ሰው ቀልድን የሚሰማው በራሱ ጆሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢኤስ በተባለው የአሜሪካ ጣቢያ ኖርማን ሊር ያዘጋጀው አንድ ኮሜዲ ጀመረ። ዋናው ገጸ ባህሪ አርቺ በንከር ይባላል፤ ጥቁሩን፣ ይሁዲውን፣ ስደተኛውን፣ ሴቱን ሁሉ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲሰድብ የሚውል ግትር ሰው። ጣቢያው ከመጀመሪያው ክፍል በፊት የፕሮግራሙ ዓላማ በጭፍን ጥላቻችን እየሳቅን ከንቱነቱን ማሳየት ነው የሚል ማስታወቂያ እስከማስነበብ ደርሶ ነበር። ፕሮግራሙ በተመልካች ብዛት አምስት ተከታታይ ዓመት አንደኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1974 ኔይል ቪድማር እና ሚልተን ሮኪች የተባሉ ተመራማሪዎች ተመልካቾቹን ሲጠይቁ ግን፣ ሁሉም በአንድ ፕሮግራም ቢስቁም አንድ ነገር እንዳላዩ ተረዱ። ጥላቻው የበረታባቸው ሰዎች አርቺን ከሚሞግተው ከአማቹ የበለጠ ያደንቁት ነበር፤ ክርክሩንም የሚያሸንፈው እሱ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሊሳቅበት የተፈጠረው ሰው ለእነሱ ልባቸውን የሚናገርላቸው ሰው ሆነ።

እንግዲህ ባለቤትሽ «ለምን አንቺ ስትስቂ…» ሲልሽ፣ ሁላችንም በአንድ ነገር እየሳቅን ነበር ብሎ አስቦ ነው። አልነበረም።

አሁን ወደ ከበደሽ ነገር ልምጣ፤ «ምን ዓይነት ሰው ብሆን ነው» ወዳልሽው። ከደብዳቤሽ እንደገባኝ ቀኑን ሙሉ ቃል መርጠሽ የምትናገሪ፣ ሌላው ሲስት የምታርሚ ሰው ነሽ። ይህ ደግሞ ያደክማል። ልክ ቢሆንም ያደክማል። ማታ ሶፋው ላይ ተቀምጠሽ አፉን የማይገታ ሰው ስታዪ፣ ቀን የያዝሽውን እስትንፋስ ትለቂያለሽ። ስለ ሳቅ የሚያጠኑት ፒተር ማግሮው እና ኬለብ ዋረን እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ሥራ እንዲህ ይላሉ፦ የምንስቀው አንድ ደንብ ሲጣስና ያው መጣስ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ጉዳት የሌለው መስሎ ሲታየን ነው። መጣሱ ብቻ ከሆነ እንቆጣለን። ጉዳት አልባነቱ ብቻ ከሆነ እናዛጋለን። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው ካለ፣ ነውርን የማያውቅ ሰው ነውር ሲጣስ አይደነግጥም፤ ያልደነገጠ ደግሞ አንቺ የምትስቂውን ሳቅ አይስቅም። ጥንቁቅ ሰዎች ይሉኝታ በሌለው ኮሜዲ ሲንፈራፈሩ ሳይ የማይገርመኝ ለዚህ ነው።

«ጉዳት የለውም» የሚለውን ስሜት ደግሞ ይዛልሽ የምትመጣው እህትሽ ነበረች። አጠገብሽ ተቀምጣ፣ ካንቺ ቀድማ ስትስቅ፣ ማንም እንዳልተጎዳ በዓይንሽ ታያለሽ። ያን ምሽት እሷ አልነበረችም። በእሷ ፈንታ የተቀመጠው ሰው ደግሞ «መልቀቅ ነው» አለ። ያኔ የቀረው መጣሱ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ሌሊት የተገለባበጥሽ ሁለት ፊት ያለሽ ሰው አይደለሽም። የመሥሪያ ቤቱም ነገር እንደዚሁ ነው፤ እዚያ የሚቀለድበት ሰው ማን እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደሚስቅ፣ እምቢ ማለት ይችል እንደሆነ አታውቂም። ቤትሽ ታውቂያለሽ።

እህትሽ ያንን አጭበርባሪ ለምን እንደምትወደው ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? እኔ እሷን ሆኜ መመለስ አልችልም፤ ግን ግምት አለኝ። በዊልቸር የሚሄድ ሰው ሲያልፍ ሰው ድምፁን ያለሳልሳል። ጥያቄውን ለእሱ ሳይሆን ከኋላ ለሚገፋው ያቀርባል፤ «ውኃ ትፈልግ ይሆን?» ይልሻል አንቺን፣ እሷ እዚያው ተቀምጣ። በቴሌቪዥንም ሲመጡ ወይ አንጀት እንዲበሉ ወይ ለሌላው ብርታት እንዲሆኑ ነው የሚፈለጉት። ከዚህ ሁሉ መሐል አንድ ሌባ፣ ሆዳም፣ ምላሰኛ ሰው በዊልቸር ብቅ ሲል እፎይ ያሰኛል። መጥፎ የመሆን መብት አገኘ ማለት ነው።

ይህን ከመሬት ተነሥቼ አይደለም የምለው። ሳውዝ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረ፣ ባለጌነቱ የታወቀ የአኒሜሽን ኮሜዲ ነው። ቲሚ የሚባል በዊልቸር የሚሄድ ልጅ አለበት፤ ከራሱ ስም በቀር ብዙም የሚናገረው ነገር የለም። በወሬ ብቻ የሰማ ሰው አካል ጉዳተኞች ተቃውሞ ሊያስነሡበት ይገባ ነበር ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን የቢቢሲ የአካል ጉዳተኞች ድረ ገጽ የነበረው አውች ባካሄደው ምርጫ፣ ከቴሌቪዥን አካል ጉዳተኛ ገጸ ባህሪያት ሁሉ አንደኛ ሆኖ የተመረጠው ቲሚ ነው። ፕሮግራሙን ያየ ሰው ምክንያቱን መገመት አያቅተውም፤ የክፍል ጓደኞቹ ቲሚን እንደማንኛቸውም ነው የሚያዩት፤ ማንም ከንፈር አይመጥለትም። ሁሉንም በሚሸረድድ ቤት ውስጥ አንድን ሰው ብቻ ለይቶ ማለፍ «አንተ ከእኛ አይደለህም» ማለት ነው። ሁሉም አካል ጉዳተኛ እንዲህ ያስባል አልልሽም፤ የሚያማቸው ብዙዎች አሉ፣ እነሱም ትክክል ናቸው። የአንቺ እህት ግን ፕሮግራሙን ራሷ መርጣ ያመጣችልሽ ሰው ናት።

ይህን ሁሉ ብዬ «እንግዲህ እንደፈለግሽ ሳቂ» ብዬ ብተውሽ ግን ግማሹን ደበቅኩሽ ማለት ነው። ቶማስ ፎርድ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ጥናት አለ። ለወንዶች ሴትን የሚያንቋሽሹ ቀልዶች አቀረቡላቸው፤ ለሌሎቹ ደግሞ ያለ ቀልድ ሴትን የሚያንቋሽሽ ንግግር። ከዚያ ለአንድ የሴቶች ድርጅት ምን ያህል ገንዘብ ለመስጠት ፈቃደኛ እንደሆኑ አዩ። ለሴቶች ጥላቻ የነበራቸው ወንዶች እጃቸውን ይበልጥ የሰበሰቡት ቀልዱን ከሰሙ በኋላ ነው። ጥላቻው የሌለባቸውን ቀልዱ እንዲህ አላደረጋቸውም። ቀልድ የሌለ ጥላቻ አይተክልም፤ ያለበትን ሰው ግን «እዚህ ቤት ይቻላል» ይለዋል። ጓደኛውም ያን ምሽት ቀልዱ በሩን የከፈተለት መስሎት ነው የራሱን የጨመረው። አንቺ ቴሌቪዥኑን ስታጠፊ «እዚህ ቤት አይቻልም» አልሽው። በቃል ብትይው ይሻል ነበር፤ ይሁን እንጂ የተባለው ነገር ስህተት አልነበረበትም።

ባለቤትሽን በተመለከተ ከደብዳቤሽ ያጣሁት ነገር ቢኖር ለምን እንደሳቀ ነው። አንቺም የጠየቅሽው አይመስለኝም። እህትሽን ለዓመታት በቤቱ የተቀበለ ሰው ነው። እንግዳ ሲቀልድ ባለቤት ይስቃል፤ ብዙ ጊዜ የተባለው ነገር ገና አእምሮው ሳይገባ። ምናልባት እንዲያ ነበር። ምናልባትም አልነበረም። «ለምን ሳቅክ?» ብለሽ ከጀመርሽ ጠበቃውን ይጠራል። «ያን ማታ እሱ እንዲያ ሲል ምን ተሰማህ?» ብትይው ግን ቆም ብሎ የሚያስብበት ቦታ ያገኛል። ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ፣ ወይም ሁለታችሁም ደክማችሁ አልጋ ላይ ሳላችሁ አይሁን። ወጣ ብላችሁ እየተራመዳችሁ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ፊት ለፊት ሳይተያዩ መነጋገር ለእንዲህ ያለ ነገር ይቀላል።

ይቅርታ ልጠይቅ ወይ ላልሽው፦ አዎ፣ ግን ለየትኛው እንደሆነ ለይተሽ። «ምንም ሳልናገር ቴሌቪዥኑን ማጥፋቴ በእንግዶችህ ፊት አሳፍሮሃል፤ ለዚህ ይቅርታ። የተናደድኩት በፕሮግራሙ አይደለም። ‹እነዚህን› ሲል ዓይኔ ላይ የመጣችው እህቴ ናት» በይው። ከዚያ በላይ አታብራሪ። «ቀልድ እኮ ነው» ካለሽ ደግሞ መልሱ አጭር ነው፤ ቀልድ መሆኑን ታውቂያለሽ፣ ስቀሽበታልም፤ ጓደኛው የተናገረው ግን ፕሮግራሙ ውስጥ የለም። ከራሱ ነው ያመጣው።

ለእህትሽስ? እኔ ብትነግሪያት እመርጣለሁ። ካልነገርሻት ያ ክፍል ሲመጣ አንቺ የባልሽን ፊት፣ እሷ ደግሞ የአንቺን ፊት ስታይ ታመሻላችሁ፤ ማንም አይስቅም። ስትነግሪያት ግን «ላንቺ ስል ተጣላሁ» በሚል ድምፅ እንዳይሆን። የሆነውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሪያትና ዝም በይ። ትስቅ ይሆናል። «ከዚህ የባሰ ስንት ሰምቻለሁ» ትል ይሆናል። ሊከፋትም ይችላል። የትኛውንም አስቀድመሽ አታዘጋጂላት።

ከዚያ ካመቸሽ ሌላም ጠይቂያት። ከዚያ ፕሮግራም የማትወደው ክፍል አለ? አንቺን ላለማስከፋት ብላ የሳቀችበት ጊዜ አለ? ይህን ስጠይቅሽ ላስደነግጥሽ ፈልጌ አይደለም። ለዓመታት አብራችሁ ስትስቁ ሁለታችሁም አንድ ነገር ያሳቃችሁ ይመስልሻል፤ አይደለም ብትልሽስ? ብትልሽም ፕሮግራሙን የግድ ትተዉታላችሁ ማለት አይደለም፤ አንዳንድ ክፍል መዝለል ይቻላል። መጀመሪያው ምሽት ላይ ሌላ ክፍል ምረጡ፤ ሪሞቱን ደግሞ እሷ ትያዘው።

እርግፍ አድርጌ ልተወው ወይ ለሚለው፣ በመሐላ አትተዪው። ከእነዚህ ንግግሮች በኋላም ካሳቀሽ ያስቅሽ። ካላሳቀሽ ሳትጨነቂ ወደ ሌላ ፕሮግራም እለፊ፤ ሰው የሚያስቀው ነገር በየጊዜው ይለወጣል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ያ ጓደኛው እህት እንዳለሽ፣ በዊልቸር እንደምትሄድም ያውቃል? በደብዳቤሽ አልጻፍሽልኝም። የማያውቅ ከሆነ ባለቤትሽ በሁለት ቃል ይንገረው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ራሱ ያፍራል። እያወቀ ከተናገረው ግን ጉዳዩ የቀልድ አይደለም። ያንን የሚናገረው ባለቤትሽ ይሁን፣ አንቺ አይደለሽም፤ እህትሽ እናንተ ዘንድ ከመምጣቷም በፊት ይሁን።